የድመት ሽንት ሽታ ተመልሶ እንዳይመጣ

ድመት ሶፋ ወይም ምንጣፍ ላይ ስትሸና በብሩሽ አይፈግፍጉት፤ መፈግፈግ ሽንቱን ይበልጥ ወደ ውስጥ ያሰርገዋል። ደረቅ ነጭ ፎጣ አጥፈው ያስቀምጡበትና ምንጣፍ ከሆነ በእግርዎ ይቁሙበት፣ ሶፋ ከሆነ በእጅዎ ይጫኑት። ፎጣው ሲርስ ይቀይሩ፣ ደረቅ ሆኖ እስኪነሳ ድረስ። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ ግማሹ ሥራ ግን ይኸው ነው።

ቀጥሎ ነጭ አቼቶና ቀዝቃዛ ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅለው ያርሱት። ሽንቱ የዘለቀበት ድረስ ካልዘለቀ ዋጋ የለውም። ከ10 ደቂቃ በኋላ በፎጣ መጥጠው ቤኪንግ ሶዳ (ቤኪንግ ፓውደር አይደለም) ይነስንሱበት፤ አሳድረው ጠዋት በቫኪዩም ያንሱት።

ጠፋ ያሉት ሽታ አየሩ ሲረጥብ ተመልሶ ከመጣ፣ ውሃ በቀላሉ የማያሟሟው የዩሪክ አሲድ ክሪስታል ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ለዚህ የሚሻለው ኢንዛይም (የሽንቱን ቅሪት የሚሰባብር ንጥረ ነገር) ያለው የቤት እንስሳት ማጽጃ ነው። ኢንዛይም ከደረቀ ሥራውን ስለሚያቆም በፕላስቲክ ሸፍነው ዕቃው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ሙሉ ይተዉት።

በረኪና በፍጹም አይጠቀሙ! ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። አሞኒያ ያለበት ማጽጃም ለድመቷ ሽንት ሽንት ስለሚሸታት እዚያው ቦታ ትመለሳለች። ሙቅ ውሃና እንፋሎት እድፉን ከጨርቁ ጋር ያጣብቁታል። አቼቶ እብነ በረድን ይበላል፣ የእንጨት ወለል ቫርኒሽንም ሊያደበዝዝ ስለሚችል አስቀድመው በማይታይ ጥግ ይሞክሩት።