ከጣና ዳር ታሪክን ወደ አኒሜሽን ስንወስድ፦ በስቶሪቦርድና በገጸ ባሕርይ ንድፍ ላይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ አጭር አኒሜሽን ለመሥራት የተነሱ ወጣቶች ንድፋቸውን ሲያሳዩኝ ደስ ይለኛል። እጃቸው ጥሩ ነው። መስመራቸው ያምራል። ፊልሙ ላይ የሚቸገሩት ግን ሌላ ቦታ ነው። ተመልካቹ ምን እንደሚያይ ሳይወስኑ ማሳመር ይጀምራሉ። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ይመጣሉ።

ጽሑፉን ቃል በቃል መሳል

ከልብ ወለድ ወይም ከተረት በሚነሳ ሥራ ላይ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ደራሲ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሃያ ዓመት ይሻገራል። ሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ይወጣል። ሥዕል እንዲህ አይችልም። ለምሳሌ በእጃችን ያለው ጽሑፍ እንዲህ ይላል እንበል፦ «ሁለቱ ወንድማማቾች ከተኳረፉ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። ታላቅየው ግን በልቡ ይናፍቀው ነበር።» ጀማሪ ምን ያደርጋል? አንድ ሽማግሌ መስኮት ዳር ያስቀምጣል፣ ፊቱን ያሳዝነዋል፣ ከላይ ተራኪ ያነብለታል። ይሄ ሥዕል የተለጠፈበት ሬዲዮ ነው።

አሁን በዓይን እናስበው። ወንድማማቾቹ የጣና ዳሯ የዘጌ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም የደንገል ታንኳ አላቸው። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ታንኳ በየጊዜው ወደ ዳር ተጎትቶ መድረቅ አለበት። ይሄን የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ለእኛ ደግሞ ትዕይንት ይሆነናል።

ይሄን በስቶሪቦርድ፣ ማለትም ፊልሙን በተርታ በሚያሳዩ ትናንሽ ሥዕሎች፣ እናስቀምጠው። የመጀመሪያው ፓነል (ከሥዕሎቹ አንዱ) የሐይቁን ዳር ያሳያል። አንዱ ታንኳ በግራ ጫፍ፣ ሌላው በቀኝ ጫፍ ቆሟል፤ መሃሉ ባዶ ነው። በሁለተኛው ታናሽየው የራሰውን ታንኳ ለመጎተት ይታገላል። ከብዶታል። በሦስተኛው የታላቅየው እጅ ብቻ ይታያል፤ ሊያግዝ ይዘረጋና አየር ላይ ይቆማል። በአራተኛው ያው እጅ ተመልሶ የራሱን ገመድ ይይዛል። አንድም ቃል አልተነገረም። ኩርፊያውም ናፍቆቱም ግን አለ።

እዚህ ለመድረስ የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ። ጽሑፉን አትሙና በሁለት ቀለም አስምሩበት። የሚታየውንና የሚሰማውን በአንዱ፣ በሐሳብ ውስጥ ብቻ ያለውን በሌላው። ከዚያ ለሁለተኛው ቀለም ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ድርጊት፣ አንድ ዕቃ ወይም አንድ ርቀት ፈልጉለት። ምንም ካልተገኘለት ይውጣ። አንዳንዶች ይሄ ደራሲውን መክዳት ይመስላቸዋል። እኔ የሚመስለኝ ተቃራኒው ነው። ደራሲው በቃል ያደረገውን እናንተ በራሳችሁ መሣሪያ እያደረጋችሁለት ነው።

ፈቃድን ለመጨረሻ ማቆየት

በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የአንድ ድርሰት ኢኮኖሚያዊ መብት ደራሲው በሕይወት እስካለ የእሱ ነው። ከሞተ በኋላ ደግሞ ለ50 ዓመት የወራሾቹ ነው። ልብ ወለዱን ወደ አኒሜሽን መለወጥም ፈቃድ ይጠይቃል። አያታችሁ እሳት ዳር የነገሩዋችሁ ተረት ሌላ ነገር ነው። ያንኑ ተረት አንድ ሰው በራሱ አጻጻፍ መጽሐፍ ላይ ካሳተመው ግን አጻጻፉ ባለቤት አለው። ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ፤ እሱም የመጀመሪያው ፓነል ከመሳሉ በፊት።

የመጀመሪያውን ንድፍ ማሳመር

አንድ ፓነል ላይ ግማሽ ቀን የዋለ ሰው ያንን ፓነል መጣል አይችልም። ያሳዝነዋል። ስለዚህ ታሪኩ እየተንገዳገደ ሥዕሉ ይቆያል። በፈረንጆቹ 1930ዎቹ መጀመሪያ ዲዝኒ ስቱዲዮ ውስጥ ንድፎችን ግድግዳ ላይ በመርፌ መስካት የተለመደው ለዚህ ነው፤ ነቅሎ ለመጣልና ቦታ ለመቀያየር ይመቻል። ትናንሽ ወረቀት ላይ በወፍራም እርሳስ ሳሉ። ሰው ማለት ክብና ዱላ ይሁን። አንዱ ፓነል ከአንድ ሁለት ደቂቃ በላይ አይውሰድባችሁ። መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም።

በኋላ ወደ ኮምፒውተር ስትገቡ ክሪታ፣ ብሌንደር ውስጥ ያለው ግሪስ ፔንሲልና ስቶሪቦርደር የሚባሉት የመሳያ ፕሮግራሞች ሁሉም በነፃ የሚገኙ ናቸው። ገንዘብ የለንም ብሎ መቀመጥ አያስፈልግም።

አቅጣጫን ማምታታት

አንድ ልጅ ከዘጌ ቡና ጭኖ በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ይመጣል እንበል። ከተማው በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ነው። ዘጌ በስተምዕራብ ነው። ካሜራችሁን ከተማው ዳርቻ ላይ አቁማችሁ ወደ ሐይቁ ካያችሁ ልጁ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ቀጣዩን ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ የሚያሳየውን አንድ ቁራጭ) ሐይቁ መሃል ሆናችሁ ወደ ከተማው ካያችሁ ግን ልጁ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ሁለቱን አከታትሎ ያየ ሰው ልጁ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ቤቱ የተመለሰ ነው የሚመስለው።

መፍትሔው አንድ መስመር ማሰብ ነው። ታንኳው የሚሄድበትን መንገድ እንደ መስመር ውሰዱና ካሜራውን ሁልጊዜ በአንድ ወገኑ አቁሙ። መሻገር ካለባችሁ በመሃል ልጁን ፊት ለፊት ወይም ከኋላው የሚያሳይ ሾት አስገቡ። ከስቶሪቦርዱ በፊት የቦታውን ካርታ ከላይ ሆናችሁ በትንሹ ሳሉ፤ ታንኳውን በቀስት፣ ካሜራውን በነጥብ። ጠዋት ከሆነ ፀሐይዋንም በምሥራቅ አስቀምጡ። ከከተማው ዳርቻ ወደ ሐይቁ ስታዩ በቀኛችሁ ናት። ጥላዎቹ ከሾት ሾት እየዘለሉ የሚያስቸግሩት ይህን ሳናስብ ስንሳል ነው።

ገጸ ባሕርይን በፊት ብቻ መለየት

ብዙ ንድፍ ላይ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አካል አለው፤ የሚለያዩት በአፍንጫና በፀጉር ነው። ገጸ ባሕርዮቻችሁን ጎን ለጎን አሰልፉና ውስጣቸውን ድፍን ጥቁር ቀቡት። አሁንም ማን ማን እንደሆነ ይታወቃል? እኛ ዘንድ ለዚህ የሚሆን ሀብት ሞልቷል። ቁንጮ ያለው ልጅ። ጋቢ ደርቦ ዱላውን ትከሻው ላይ ያጋደመ ገበሬ። ቆብ ያደረጉ፣ መቋሚያ የያዙ መነኩሴ። ነጠላ የለበሱ እናት። አራቱንም በጥላቸው ብቻ ትለያላችሁ። ነጠላ ስትሉ ደግሞ አለባበሱን እዩ። ለለቅሶ ሲሆን ጥለቱ ወደ አንገት ይመጣል። ይሄን ያላየ ሰዓሊ ሳያውቅ ለሠርግ የምትሄድ ሴት ሐዘንተኛ ያደርጋታል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት ጌጥ ማብዛት ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አኒሜሽን በሰከንድ 24 ፍሬም (ተከታትሎ የሚያልፍ ምስል) ነው። 3 ደቂቃ ማለት 4,320 ፍሬም ነው። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ብታቆዩትም 2,160 ሥዕል ይቀራል። ጥለቱ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ጥልፍ 2,160 ጊዜ መሳል የሚችል ማን ነው? ጥለቱ በሩቅ አንድ የቀለም መስመር ይሁን፣ በክሎዝ አፕ (ከቅርብ በሚያሳይ ሾት) ብቻ ይዘርዘር።

ደግ እና ክፉን በቀለም ብቻ ማሳየት

ክፉውን ጥቁር አልብሶ፣ ዓይኑን አቅልቶ መገላገል ቀላል ነው። የጣና ገዳማት ሥዕሎች ግን የተሻለ መንገድ አላቸው። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሄዳችሁ የመቅደሱን ግድግዳ ቀስ ብላችሁ እዩ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ወግ ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ነው፤ ሁለት ዓይናቸውም ይታያል። ክፉዎች በጎን ይሳላሉ፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ማን ማን እንደሆነ ገና ሲያይ ይለያል። የጥንት ሰዓሊዎቻችን ለብዙ ዘመን የተፈተነ የገጸ ባሕርይ ንድፍ ትተውልናል። በጣም የምኮራበት ነገር ነው።

ታዲያ እዚህም ላይ ስህተት አለ፤ ወጉን እንዳለ ገልብጦ መለጠፍ። የግድግዳ ሥዕል አይንቀሳቀስም፤ የእኛ ገጸ ባሕርይ ግን አንገቱን ያዞራል። ስለዚህ ሐሳቡን ወደ ካሜራ አቀማመጥ ውሰዱት። ተንኮለኛው ነጋዴ በፊልሙ ሁሉ በጎን ብቻ ይታይ። የሚጸጸትበት ትዕይንት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ሙሉ ያዙርልን። ወጉን የሚያውቅ ተመልካች ይገባዋል። የማያውቀውም ቢሆን አንድ ነገር እንደተለወጠ ይሰማዋል።

የሌላ አገር ልጅ አቋምና ምልክት መስጠት

ቆዳው ጠይም፣ ልብሱ ጥበብ ነው። ሲናደድ ግን ወገቡን ይዞ አዋቂን ዓይን ዓይኑን እያየ ይጮኻል። ይሄ ልጅ ጎጃም ውስጥ አላደገም። የእኛ ልጅ ለትልቅ ሰው ዓይኑን ዝቅ ያደርጋል። ዕቃ ሲቀበል በሁለት እጁ ነው። መነኩሴውን «አባ» ብሎ ነው የሚጠራቸው፤ ቢናደድባቸውም «አንተ» አይልም። ንዴቱ የሚታየው በሌላ ቦታ ነው፤ በእግር ጣቱ፣ በጥርሱ፣ ነጠላውን በሚጠመዝዝ እጁ። ለአኒሜተር ደግሞ እንዲህ የታፈነ ንዴት ከጩኸት ይልቅ የሚጣፍጥ ሥራ ነው።

የፊት ገጽታ ሰሌዳ ስትሠሩ ደስታ፣ ሐዘን፣ ድንጋጤ ብላችሁ አትቁሙ። ቅንድብ ብድግ አድርጎ «አዎ» ማለትን ጨምሩ። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ «እህ» ብሎ መስማማትን ጨምሩ። ዓሣ የሚወርድበት ቦታ፣ ገበያው፣ መናኸሪያው አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ሰው እዩና ንደፉ። ፔሊካኖቹም እዚያው ናቸው።

ጣናን ሁልጊዜ ሰማያዊ መቀባት

ፖስት ካርድ ላይ ሰማያዊ ነው። ክረምት ላይ ግን ወንዞቹ አፈር ይዘው ይገባሉ፤ ዳርና ዳሩ ቡናማ ይሆናል። የቀለም ሰሌዳችሁን ከወሩ ጋር አስማሙ።

ድምፅና ጊዜ ሳይለኩ ወደ አኒሜሽን መግባት

ፓነሎቹን በስልካችሁ ከቀረጻችሁት ጊዜያዊ ድምፅ ጋር በተርታ አስቀምጡና አኒማቲክ ሥሩ። ድምፁ የጓደኛችሁ ይሁን፣ ግድ የለም። ወረቀት ላይ ፈጣን የመሰለው ትዕይንት ሲጎተት ይታያችኋል፤ ዝም ማለት ያለበት ቦታ ላይ ንግግር እንደበዛም ትሰማላችሁ። እዚህ ላይ አሥር ሰከንድ መቁረጥ ወረቀት መንቀል ነው። ከተሳለ በኋላ አሥር ሰከንድ መቁረጥ 120 ሥዕል መጣል ነው።

መጽሐፉን ላነበበ ሰው ብቻ ማሳየት

መጽሐፉን ያነበበ ጓደኛ የጎደለውን በራሱ ይሞላዋል፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ግልጽ ይመስለዋል። አኒማቲኩን ላላነበበ ሰው አሳዩ። ቢቻል ለአንድ ልጅና ለአንድ አዛውንት። እያየ ሳለ ምንም አታብራሩ። «ይሄ ማነው?» ወይም «አሁን የት ናቸው?» ባለ ቁጥር የፓነሉን ቁጥር ጻፉ። ሲጨርስ ታሪኩን መልሶ ይንገራችሁ። የዘለለው ክፍል ካለ ያንንም ጻፉ። ከዚያ እነዚያን ፓነሎች ብቻ አውጥታችሁ እንደገና ሳሉና ለሌላ ላላየ ሰው አሳዩ።