ኢቶሻ ከሄዳችሁ ማታ ቶሎ አትተኙ

ናሚቢያ፣ ኢቶሻ ፓርክ ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ኦካኩዌዮ ካምፕ እደሩ። ከካምፑ አጥር ወዲያ ማታ ማታ መብራት የሚበራለት ኩሬ አለ። ቀኑን ሙሉ በመኪና አንበሳ ፍለጋ ከመንከራተት፣ ራት በልታችሁ እዚያ ቁጭ ማለት ይሻላል። ጥቁር አውራሪስ ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽጎ ይውልና ውኃ ለመጠጣት ሲጨልም ብቅ ይላል። አንዳንዴ ከማየታችሁ በፊት ኮቴው ድንጋዩ ላይ ሲንኳኳ ትሰማላችሁ። ዝሆኖች ከመጡማ ሌላው ሁሉ ገለል ነው!

ጥሩው ጊዜ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። እኛ ጋ ክረምት፣ እዚያ ደረቅ። ሌላው ቦታ ውኃ ስለሚጠፋ እንስሳቱ ወደ ኩሬው ይጎርፋሉ። ሌሊቱ ግን አጥንት ይሰብራል። «አፍሪካ አይደል እንዴ» ብላችሁ በቲሸርት እንዳትወጡ፤ ወፍራም ጃኬትና ጋቢ ያዙ። የካሜራችሁን ፍላሽም አጥፉት።