የወርቅ ፋብሪካ ውሃና አፈር፦ ችግሩ ከየት መጣ? ምን ይደረግ?

የወርቅ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ የሚገጥም የብክለት ችግር አብዛኛው መነሻው ውሃ ነው። አፈሩም ቢሆን በብዛት የሚበከለው ውሃ ተሸክሞ በሚያመጣበት ነገር ነው። ስለዚህ የሆነ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የምጠይቀው «ይሄ ውሃ ከየት መጣ?» ብዬ ነው። ከታች ያሉት ደጋግመው የሚመጡ ችግሮች ናቸው። ሰው በብዛት የሚሳሳትባቸው ላይ ረዘም አድርጌያለሁ።

ዝናብ በጣለ ቁጥር የዝቃጭ ኩሬው ይሞላል

የዝቃጭ ኩሬ ወርቁ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጭቃና ውሃ የሚጠራቀምበት፣ በአፈር ግድብ የታጠረ ኩሬ ነው። ሲሞላ ሁሉም ሰማዩን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ያለው ከኩሬው በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ነው። የኮረብታውን ንጹህ ጎርፍ ጠልፎ ወደ ወንዝ የሚወስደው ቦይ በደለልና በቅጠል ተደፍኗል። ሂሳቡን እንየው። 1 ሄክታር ላይ የጣለ 1 ሚሊሜትር ዝናብ 10 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። 50 ሄክታር ተዳፋት ላይ 40 ሚሊሜትር ከጣለ 20,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ግማሹን መሬቱ ቢጠጣው እንኳ 10,000 ሜትር ኩብ ንጹህ ውሃ በአንድ ሌሊት ኩሬ ገብቶ ቆሻሻ ውሃ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ እሱን የማጣራቱ ዕዳ የእናንተ ነው።

መፍትሄው አካፋ ነው። ቦዩ ዝናብ ሳይጀምር ይጠረግ። መቼ? ቤኒሻንጉል ከሆናችሁ እስከ ሚያዝያ ጨርሱ። ጉጂ ከሆናችሁ ግን ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ደግሞ ሌላ አለ። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ «ከክረምት በፊት ይጠረጋል» የሚል ዕቅድ የጻፈ ሰው ጉጂ ሲደርስ ዝናቡ አልፎት ሄዷል።

ሌላው ምክንያት ፋብሪካው ራሱ ነው። ከኩሬው ውሃ የሚመልሰው ፓምፕ ሲበላሽ ኦፕሬተሩ የወንዙን መስመር ይከፍታል። ፓምፑ ተጠግኖም መስመሩ እንደተከፈተ ይቀራል። ተጠባባቂ ፓምፕ ይኑራችሁ። የወንዙ መስመር ላይም ቆጣሪ ይገጠም፤ በየፈረቃው ይነበብ።

እዚህ ላይ ቸል ማለት ምን እንደሚያመጣ ሮማኒያ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በጥር 2000 መጨረሻ ባያ ማሬ ከተማ አጠገብ ዝናብና የቀለጠ በረዶ ተደራርበው የአንድ ወርቅ ፋብሪካ የዝቃጭ ግድብ ተደረመሰ። 100,000 ሜትር ኩብ ገደማ ሳይናይድ (ወርቅን ከድንጋዩ የሚያሟሟ መርዛማ ኬሚካል) ያለበት ውሃ ወጥቶ በቲሳ ወንዝ አድርጎ ዳኑብ ገባ።

ከግድቡ ግርጌ መሬቱ ረጥቧል

የአፈር ግድብ ትንሽ ማላቡ ያለ ነው። ጥያቄው ውሃው ምን ይመስላል፣ ምን ያህልስ ነው የሚለው ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያዙና ስልካችሁ ላይ ሰዓት አስጀምሩ። በ40 ሰከንድ ከሞላ ግማሽ ሊትር በሰከንድ ነው፤ በቀን 43 ሜትር ኩብ ገደማ። ይህን በየሳምንቱ በአንድ ደብተር ጻፉ፤ ከጎኑ የዝናቡን መጠን አስፍሩ። ከዚያ ጀሪካኑን ጥላ ሥር አስቀምጡትና ከአንድ ሰዓት በኋላ ሥሩን እዩት።

ሥሩ ላይ ምንም ካልተቀመጠና መጠኑም ካልተለወጠ፣ ውሃውን ግርጌው ላይ በጉድጓድ አጠራቅሙና በፓምፕ ወደ ኩሬው መልሱት። ሥሩ ላይ ጭቃ ከተቀመጠ ግን ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው። ዝቃጭ መልቀቅ ይቁም። የኩሬው ውሃ ቀስ እያለ ይቀነስ። ከግድቡ በታች ያለ ሰው ይነሳ። መሐንዲሱም በዚያው ሰዓት ይጠራ። ቀዳዳውን በሸክላ አፈር ለመድፈን የሚሮጥ ሰው አይጠፋም፤ ያዙት! የተደፈነ ውሃ ግፊቱን ጨምሮ በሌላ በኩል ይወጣል። የሚያስፈልገው መጀመሪያ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር፣ በላዩ ድንጋይ ነው። ውሃው ይውጣ፣ አፈሩ ይቅር።

ታንኮቹ ጋ የጋዝ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል

በቅድሚያ ሰው ይውጣ፤ ነፋሱ በሚመጣበት አቅጣጫ። ምርመራው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የኖራ ማነስ ነው፤ ኖራ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን፤ ዝቅ ሲል አሲድ ነው) ከፍ ያደርጋል። ታንኮቹ ውስጥ ያለው የሳይናይድ ፈሳሽ ፒኤቹ ከ10 በላይ እስካለ ረግቶ ይቀመጣል። ወደ 9.2 ሲወርድ ግማሹ ጋዝ ሆኖ ለማምለጥ ዝግጁ ነው።

አታላዩ ነገር ስክሪኑ 10.5 እያለ ጋዙ መውጣቱ ነው። የፒኤች መለኪያው ጫፍ ላይ ኖራ ተጋግሯል፤ ስለዚህ መሣሪያው የሚያነበው የራሱን ቆሻሻ ነው። በየፈረቃው አጽዱት፤ በእጅ መለኪያም አመሳክሩት። ሳይናይድ መራራ ለውዝ ይሸታል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ሽታውን ጨርሶ የማይለይ ሰው ብዙ ነው፤ አፍንጫ መሣሪያ አይደለም።

ኩሬው ዳር የሞቱ ወፎች ካያችሁ ደግሞ ችግሩ ያለው ሳይናይዱን የሚያከሽፈው ክፍል ውስጥ ነው። ዓለም አቀፉ የሳይናይድ አያያዝ ደንብ ለእንስሳት ክፍት በሆነ ኩሬ ላይ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም በቀላሉ የሚለቀቅ ሳይናይድ ነው። ሳይናይዱን የምታከሽፉት ሜታባይሰልፋይት በሚባለው ኬሚካል ከሆነ ሦስት ነገር ፈትሹ፤ አየሩ በበቂ ይነፋል ወይ፣ መዳብ ሰልፌቱ አላለቀም ወይ፣ ፒኤቹስ ከ8 እስከ 9 መካከል ነው ወይ?

አፈሩ ሰማያዊ ሆኗል

ይህን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ቀለም የተደፋ መስሎኝ ነበር። ከአንድ የቧንቧ መገጣጠሚያ ሥር፣ ከዝገቱ አጠገብ፣ መሬቱ እንደ ትምህርት ቤት ቀለም ሰማያዊ ሆኗል። በጫማዬ ሳገላብጠው ከሥር ይብስ ደማቅ ነው። ከመገጣጠሚያው የሚንጠባጠብ ሳይናይድ ከብረት ጋር ሲገናኝ የሚሠራው ነገር ነው።

ስህተቱ የሚመጣው ከልማድ ነው። ታንኩ ላይ ኖራ መድኃኒት ስለሆነ እዚህም ኖራ ይበተናል። ሰማያዊው ነገር ግን በአሲድ እንጂ በኖራ አይረጋም። ፒኤቹ ከፍ ሲል ሟሙቶ ከውሃ ጋር ይሄዳል፤ የሟሟው ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ነፃ ሳይናይድ ይለቃል። ስለዚህ ኖራም ውሃም አታድርጉበት። መገጣጠሚያውን አሠሩ፤ አፈሩን ሰማያዊው እስኪያልቅና ከሥሩም ተጨማሪ ቆፍራችሁ አንሱ፤ በሸራ ሸፍናችሁ ከሥሩ ወፍራም ፕላስቲክ ወደተነጠፈበት ቦታ ውሰዱ። ጉድጓዱ ከመደፈኑ በፊት የሥሩ አፈር ላቦራቶሪ ይሂድ።

ከድንጋይ ክምሩ ሥር ብርቱካናማ ውሃ ይወጣል

ክምሩ ወርቅ የሌለው ተቆፍሮ የተጣለ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ውስጥ ፓይራይት፣ ማለትም ብረትና ድኝ ያለው ማዕድን፣ አለ። አየርና ውሃ ሲያገኘው ሰልፈሪክ አሲድ ይሠራል፤ ብርቱካናማው ብረቱ ነው። ውሃውን በኖራ ማከም ይቻላል፤ ፋብሪካው ከተዘጋም በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት ያው ሥራ ነው። ርካሹ ነገር ክምሩን በሸክላ አፈር ሸፍኖ ጎርፉን ማዞር ነው። ቦዩ ላይ የኖራ ድንጋይ የምትደረድሩ ከሆነ በየጊዜው አገላብጡት፤ ብረቱ ሲለብሰው ሥራ ያቆማል።

ጄኔሬተሩ ጋ ናፍታ ፈሷል

በውሃ አትጠቡት። አፈሩን ቆፍሩ፣ ፕላስቲክ ላይ በስሱ አስጡ፣ ፍግ ቀላቅሉ፣ እርጥብ አድርጉ፣ በየሳምንቱ አገላብጡ። ሙቀት ባለበት ቦታ ተሕዋስያኑ በወራት ውስጥ ብዙውን ይበሉታል።

ሰዉ ውሃው ተበክሏል ይላል፣ ላቦራቶሪው ንጹህ ነው ይላል

ጉጂ ያለው ለገደምቢ የወርቅ ማዕድን ላይ የአካባቢው ሰው ባነሳው ተቃውሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ፈቃዱ ታግዶ ነበር። እንዲህ ዓይነት ክርክር ውስጥ ሰዉን «አያውቅም» ከማለት በፊት ናሙናው የተቀዳበትን ቀንና ቦታ እዩ። በደረቅ ቀን፣ ከመኪና መንገዱ አጠገብ ከሆነ የመጀመሪያውን ጎርፍ አላያችሁም። ከፋብሪካው በላይ ካለው ወንዝም ቅዱ፤ አለበለዚያ ከእናንተ የወጣውንና ከተፈጥሮ የመጣውን አርሰኒክ (ድንጋይ ውስጥ የሚገኝ መርዝ) የሚለይ የለም። ሽማግሌዎቹም አብረው ይምጡ፤ የሚቀዳበትን ቦታ እነሱ ይምረጡ።

አንድ ጠርሙሱ ላይ የሚሠራ ስህተትም አለ። የብረታ ብረት ናሙና ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል። የሳይናይድ ናሙና ግን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ተጨምሮበት ፒኤቹ ከ12 በላይ ይደረጋል። ሁለቱ ጠርሙሶች ከተቀያየሩ አሲዱ ሳይናይዱን በጋዝ መልክ ያስወጣዋል። ለቀጂው አደጋ ነው፤ ላቦራቶሪውም «አልተገኘም» ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ክዳናቸው በቀለም ይለይ፤ ጽሑፉም ቀድሞ፣ ቢሮ ውስጥ ይጻፍበት።