ጎግል ላይ የማይገኙ ሱቆች፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ድረ ገጽ ያላቸው ነጋዴዎች ሲያገኙኝ የሚያነሱት ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው፦ «ይህን ያህል ገንዘብ አውጥቼ አሠርቻለሁ፤ ጎግል ላይ ግን አልታይም።» ምክንያቱን ለማወቅ አብዛኛውን ጊዜ ረጅም ምርመራ አያስፈልግም። ገጹን ከፍቼ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመቅዳት እሞክራለሁ። አልቀዳ ካለ ጽሑፍ የመሰለን ነገር ሁሉ ሥዕል ነው ማለት ነው፤ ንግግራችንም ከዚያ ይጀምራል።

ጽሑፍን በምስል ውስጥ መቅበር

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይህ ነው። ዲዛይነሩ ባማረ ፊደል «የሐበሻ ቀሚስ፣ በሁሉም ልክ፣ ወደ ክልል ከተሞች እንልካለን» የሚል ፖስተር ይሠራል። ፖስተሩ ቴሌግራም ላይ ይወጣል፤ እዚያ ችግር የለውም፣ የቻናሉ ተከታይ ሱቁን አስቀድሞ ያውቀዋልና። ከዚያ ያው ፖስተር እንዳለ ድረ ገጹ ላይ ይጫናል። ከሥሩ አንዲት ቃል የለችም። የፋይሉ ስም እንኳን ካሜራው ያወጣለት የቁጥር ጋጋታ ነው።

የቴሌግራም ተከታይ ሱቁን ፈልጎ ይመጣል። ጎግል ላይ ያለው ሰው ግን ሱቁን አያውቀውም፤ በእጁ ያለው የሚፈልገው ነገር ስም ብቻ ነው። ለሠርግ ቀሚስ የምትፈልግ ሴት «የሠርግ ሐበሻ ቀሚስ ዋጋ» ብላ ትጽፋለች። ከእነዚህ ቃላት አንዱ እንኳን በገጽዎ ላይ በፊደል ካልሰፈረ እርስዎንና እርሷን ምን ያገናኛችሁ?

«ጎግል እኮ አሁን ምስል ያነባል» የሚለኝ አይጠፋም። ከምስል ላይ ፊደል የሚለቅም ቴክኖሎጂ እንዳለ አልክድም። ነገር ግን ጎግል ራሱ ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባወጣው መመሪያ ዋና ዋና ጽሑፎች በምስል ውስጥ እንዳይቀመጡ ይመክራል። ሱቅዎን ለምን በግምት ላይ ያቆሙታል? ደግሞም ማየት የተሳነው ደንበኛ ገጹን በስክሪን አንባቢ ሲከፍት የሚሰማው ዝምታ ነው። በሞባይል ዳታ የገባውም ሰው ያ ከባድ ፖስተር ወርዶ ሳያልቅ ትቶ ይሄዳል።

የምርቱ ስም፣ ጨርቁ፣ ጥልፉ፣ ልኩ፣ ዋጋውና የመላኪያው ሁኔታ በጽሑፍ ይቀመጡ። ፎቶው ፎቶ ብቻ ይሁን። ለእያንዳንዱ ፎቶም አማራጭ ጽሑፍ፣ ማለትም ምስሉን በቃላት የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ፣ ይሙሉ፦ «በእጅ የተሸመነ ነጭ ቀሚስ፣ ደረቱ ላይ አረንጓዴ ጥልፍ ያለው» የሚል፣ እንጂ «ምስል 1» የሚል አይደለም።

የዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላ ስህተት አለ። አንዳንድ ድርጅቶች ስለ ራሳቸው የሚናገረውን ጽሑፍ ከአሮጌ ሰነድ ላይ ገልብጠው ይለጥፋሉ። የቆዩት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የሚያስቀምጡ ነበሩ። ስለዚህ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ሆኖ የሚታየው ጽሑፍ ለጎግል ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ዘመን አልፎም ይህን ስህተት በአዲስ ድረ ገጽ ላይ ሳይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ጽሑፉን በዩኒኮድ እንደ አዲስ ያስተይቡት።

ስለ ዋጋም አንድ ነገር ልበል። «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያነጋግሩን» የሚለው ልማድ ከማኅበራዊ ሚዲያ የመጣ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዋጋ መጻፍ እንደሚያስፈራ ይገባኛል። ቢሆንም ዋጋ የሌለው ገጽ «ዋጋ» ብሎ ለሚፈልግ ሰው የሚሰጠው መልስ የለውም። ዋጋው ሲቀየር ገጹን ይቀይሩት፤ ድረ ገጽ እንደ ታተመ ካታሎግ አይደለም።

በመክፈቻው ቀን የተረሳችው ምልክት

ብዙ ድረ ገጾች በሚሠሩበት በዎርድፕሬስ የንባብ ማስተካከያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፤ የፍለጋ ሞተሮች ይህን ድረ ገጽ እንዳይመዘግቡ የምትጠይቅ። ባለሙያው ሥራውን እስኪጨርስ ምልክት ያደርግባታል፤ ትክክልም ነው። ከዚያ ሥራው ያልቃል፣ ድረ ገጹ ይመረቃል፣ ሳጥኗ ግን እንደተመረጠች ትቀራለች። መርካቶ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ መዝጊያውን እንደዘጉ ደንበኛ እንደመጠበቅ ነው።

አንድ የቤት ዕቃ ሻጭ በዚህ ምክንያት ወራት አልፈውበታል። በመካከሉ ለማስታወቂያ ይከፍላል፣ ባለሙያ ይቀይራል፣ አዲሱ ባለሙያ ደግሞ የድረ ገጹን ቀለም ይቀይራል። ሳጥኗን የከፈተ ሰው አልነበረም።

ሌሎች በሮቦትስ ፋይል፣ ማለትም ገጾችን እየዞሩ ለሚያነቡ የፍለጋ ፕሮግራሞች (ሮቦቶች) መመሪያ በሚሰጠው ፋይል፣ በኩል ይሳሳታሉ። አንድን ገጽ ከጎግል ለማስወጣት ፈልገው በዚያ ፋይል መንገዱን ይዘጉበታል። ያ ፋይል ግን የፍለጋ ሮቦቱ ገጹን እንዳይጎበኝ ብቻ ነው የሚከለክለው፤ ሌላ ድረ ገጽ የሚጠቁመው ከሆነ አድራሻው ውጤት ውስጥ ሊታይ ይችላል። ይባስ ብሎ፣ ገጹ ላይ «አትመዝግበኝ» የሚለውን ትእዛዝ ቢያስቀምጡም ሮቦቱ ገብቶ ሊያየው አይችልም። ወይ ይግባና ትእዛዙን ያንብብ፣ ወይ ገጹን በይለፍ ቃል ይዝጉት።

ድረ ገጽ አድሶ አሮጌውን አድራሻ መጣል

እድሳት የሚወድ ነጋዴ ብዙ ነው። አዲሱ ድረ ገጽ ሲወጣ የየገጾቹ አድራሻ ይቀየራል፤ አሮጌው አድራሻ «ገጹ አልተገኘም» ይላል። በዓመታት የተጠራቀመው የሌሎች ድረ ገጾች ጥቆማና በጎግል ዘንድ የነበረው ቦታ በአንድ ሌሊት ይጠፋል። ከእድሳቱ በፊት የድሮዎቹን አድራሻዎች ዝርዝር ይያዙ፤ እያንዳንዱን ወደ አዲሱ ተመሳሳይ ገጽ በ301፣ ማለትም ገጹ በቋሚነት መዛወሩን በሚናገረው ማሻገሪያ፣ ያሻግሩት። ሁሉንም ወደ መነሻ ገጽ መወርወር ማሻገር አይባልም። ማሻገሪያውንም ቢያንስ ለ1 ዓመት አያንሱት፤ ይህ የጎግልም ምክር ነው።

ያለቀ ዕቃን ገጽ መሰረዝም ከዚሁ ይመደባል። ዕቃው የሚመለስ ከሆነ «ለጊዜው አልቋል» ብለው ገጹን ያቆዩት፤ ተመሳሳዮቹንም ከሥሩ ያሳዩ። የበዓል ገጾችም እንደዚሁ ናቸው። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ አዲስ ገጽ ከፍቶ ያለፈውን ማጥፋት ራስን በየዓመቱ ከዜሮ ማስጀመር ነው። አድራሻው ላይ ዓመተ ምሕረት አይጻፉ፤ አንዱን ገጽ እያደሱ ይጠቀሙ፣ በዓሉም ከመድረሱ ሳምንታት አስቀድመው ያዘጋጁት።

የፊደል አጻጻፍና የላቲን ጉዳይ

ለአንባቢ «ሐበሻ»፣ «ሀበሻ» እና «ሃበሻ» አንድ ነው። በኮምፒውተር ውስጥ ግን ሐ፣ ሀ እና ሃ ሦስት የተለያዩ ቁምፊዎች ናቸው፤ ፈላጊዎችም ሦስቱንም ይጽፋሉ። ይህን የሰሙ ጎበዞች ምን ያደርጋሉ? ሁሉንም አጻጻፍ በገጹ ግርጌ ይደረድሩና በነጭ ላይ በነጭ ቀለም ይደብቁታል። የተደበቀ ጽሑፍ በጎግል ደንብ ከሚያስቀጡ ማጭበርበሮች አንዱ ነው፤ ዘዴውም ያረጀ ነው። አንዱን አጻጻፍ ለርዕስ ይምረጡ፣ ሌላው በዝርዝሩ ውስጥ በተፈጥሮው ቦታ ሲያገኝ ይግባ፤ ከዚያ በላይ አይጨነቁ።

ይበልጥ የሚያሳስበው ሌላ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በዱባይ ያለ ገዢ የአማርኛ ቃል በላቲን ፊደል ጽፎ የመፈለጉ ዕድል ሰፊ ነው፤ አገር ቤትም ብዙዎች እንዲሁ ያደርጋሉ። የምርቱ ስም በላቲን ፊደልም በገጹ ላይ ይኑር። ገዢዎችዎ በየትኛው እንደሚመጡ በግምት አይወሰንም፤ ሰርች ኮንሶል የሚባለው የጎግል ነጻ መሣሪያ ሰዎች ምን ጽፈው ወደ እርስዎ እንደደረሱ ይዘረዝርልዎታል።

የገጹን አድራሻ ራሱን በአማርኛ ማድረግ አይከለከልም። ሆኖም አንድ የግዕዝ ፊደል በአድራሻ ውስጥ ወደ 9 ምልክቶች ይለወጣል። ዎርድፕሬስ ደግሞ ለአንድ ገጽ መጠሪያ ከ200 ምልክት በላይ አይፈቅድም፤ ስለዚህ ከ22 ፊደል በኋላ ያለው ይቆረጣል። አንዱ ደንበኛ ሊንኩን ገልብጦ ለጓደኛው ሲልክም የሚሄደው የመቶኛ ምልክትና የቁጥር ሰንሰለት ሊሆን ይችላል፤ ማን ይጫነዋል? አጭር የላቲን አድራሻ ይበቃል።

ቀንና ሰዓት

ይህን ከውጭ አገር የመጣ መመሪያ አይነግርዎትም። ጎግል የሚያነበው ቀን የጎርጎርዮስ ቀን ነው። መስከረም 2017 ዓ.ም ላይ ያወጡትን ጽሑፍ ለፍለጋ ሞተሮች ተብሎ ከገጹ ጀርባ በሚጻፈው ሥርዓታዊ መረጃ ውስጥ 2017 ብለው ከመዘገቡት፣ ሳይወለድ የ7 ዓመት ዕድሜ ሰጡት ማለት ነው። በምርት መረጃ ላይ ደግሞ ዋጋው የሚጸናበት ቀን የሚሞላበት ቦታ አለ፤ እዚያ የእኛን ዓመት የጻፈ ነጋዴ ዋጋው ከዓመታት በፊት እንዳበቃ ተናገረ። እንዲህ ሲሆን ዋጋው ከፍለጋ ውጤቱ ላይ ሊቀር ይችላል። ለአንባቢ የሚታየው ቀን በእኛ አቆጣጠር ይሁን፤ ከጀርባ ያለው ግን በጎርጎርዮስ፣ ገንዘቡም በብር ዓለም አቀፍ ምሕፃረ ቃል (ETB) ይመዝገብ።

ጎግል ካርታ ላይ ያለው የሥራ ሰዓትም እንዲሁ ነው። ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 12 የሚሠራ ሱቅ ቁጥሩን እንዳለ ሲያስገባ፣ ካርታው ከሌሊቱ 8 እስከ ቀኑ 6 ሰዓት የሚሠራ ያደርገዋል። ከቀትር በኋላ የፈለገ ሁሉ «ዝግ ነው» ይባላል። ሱቁ ያለበትንም በምልክት ይጻፉ፦ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ፣ የትኛው ሕንፃ፣ ስንተኛ ፎቅ። በአዲስ አበባ ሰው የሚፈልገው በመንገድ ቁጥር አይደለም።

አጫጭሮቹ

የሁሉም ገጽ ርዕስ «መነሻ» ወይም «እንኳን ደህና መጡ» ከሆነ ዛሬውኑ ይቀይሩት። ሜታ ኪወርድ የሚባለውን፣ ከገጹ ጀርባ የፍለጋ ቃላት የሚደረደሩበትን ሳጥን በመሙላት አይድከሙ፤ ጎግል ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በ2009 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። ከአቅራቢው የተገለበጠ የምርት መግለጫ ሌሎች ሃያ ሱቆችም ዘንድ አለ። በራስዎ ስልክ የራስዎን ሱቅ ፈልገው «አንደኛ ነኝ» አይበሉ፤ ውጤቱ እንደ ቦታውና እንደ ፈላጊው ይለያያል። ጎግል በዋነኛነት የሚመዘግበውም በሞባይል የሚታየውን ገጽ ነው፤ በላፕቶፕ ያማረው ብዙም አይረዳዎትም።

«በሳምንት አንደኛ አደርግሃለሁ»

ይህን ለሚል ሰው ገንዘብ አይስጡ። አንደኛ ደረጃን ዋስትና ሰጥቶ የሚሸጥ ማንም እንደሌለ ጎግል ራሱ ጽፏል። ሻጮቹ የሚያደርጉት የታወቀ ነው፤ ከማይገናኙ ድረ ገጾች ላይ ወደ እርስዎ የሚጠቁም ሊንክ በጅምላ ይገዙልዎታል። ትልቁ የአሜሪካ መደብር ጄ ሲ ፔኒ በ2010 እ.ኤ.አ. የበዓላት ግብይት ወቅት ከልብስ እስከ ሻንጣ በብዙ ቃላት አንደኛ ነበር። በየካቲት 2011 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ታይምስ ከኋላው ያለውን የተገዛ ሊንክ አጋለጠ፤ ጎግልም እርምጃ ሲወስድ መደብሩ በአንድ የሻንጣ ፍለጋ ላይ በ2 ሰዓት ልዩነት ከ1ኛ ወደ 71ኛ ወረደ። እንዲያ ያለ ኩባንያ ስሙና ገንዘቡ አነሡት። አንድ የፒያሳ ሱቅ ግን በምን ይነሣል?

አሁን ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ከፍተው በአንድ ቀን መቶ ጽሑፍ የሚጭኑ አሉ። ጎግል በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ፣ ደረጃ ለማግኘት ብቻ በጅምላ የተመረተ ይዘት በማንም ይጻፍ በምንም ጥሰት ነው ብሏል። የሚሸጡትን ቡና ከየት እንደሚያመጡት፣ እንዴት እንደሚያጥቡት፣ ለምን እንደሚወደድ የሚናገር አንድ ገጽ ከመቶው ይሻላል። ይህን የሚያውቁት እርስዎ ነዎትና ራስዎ ይጻፉት።

የሰርች ኮንሶሉ አካውንት በማን ኢሜይል እንደተከፈተም ዛሬ ይጠይቁ። በባለሙያው የግል ኢሜይል ከሆነ፣ ሳይጣሉ በፊት እርስዎን በባለቤትነት እንዲጨምርዎ ያድርጉ። የዶሜይኑ (የድረ ገጹ ስም) ምዝገባም እንደዚሁ በእርስዎ ስም ይሁን።