የካርቦን ፋይበር የብስክሌት ኮርቻ ዘንግን በቤት ለመቁረጥ

የካርቦን ፋይበር ዘንግ እንደ ብረት ቱቦ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ ክሮች በሙጫ ተያይዘው በንብርብር የተሠራ በመሆኑ፣ ሲጨመቅ ንብርብሮቹ ይላቀቃሉ፤ በችኮላ ሲቆረጥ ደግሞ ክሮቹ ይሰነጠራሉ። የቧንቧ ሠራተኞች በቱቦ ዙሪያ እያዞሩ የሚቆርጡበት መሣሪያ ለዚህ ሥራ የማይሆነውም ስለሚጨምቅ ነው። የጅማን በርጩማ የሚሠሩ አናጢዎች የሚጠቀሙበት መጋዝ ደግሞ ጥርሱ ትልልቅ ስለሆነ ክሩን ይነቅለዋል። ተስማሚው በአንድ ኢንች 32 ጥርስ ያለው አዲስ የብረት መጋዝ ምላጭ ነው።

ከአናጢዎቹ ግን አንድ ነገር መለመን ይጠቅማል፤ ይኸውም መሐላቸው ለዘንጉ ውፍረት ልክ የተቦረቦረ ሁለት ቁራጭ ዋንዛ ነው። ዘንጉን በእነዚህ መካከል አድርጎ በሞርሳ በስሱ መያዝ ይቻላል። የሞርሳው ጥርስ በቀጥታ ዘንጉን መንካት የለበትም።

ከሁሉም በላይ የምሠጋው ብናኙን ነው። ዓይንና ቆዳ ያሳክካል፣ ወደ ሳንባ ይገባል፣ ኤሌክትሪክም ስለሚያስተላልፍ በሶኬትና በሞተር አጠገብ መበተኑ አደገኛ ነው። ስለዚህ ሥራው በጓሮ፣ ልጆች በሌሉበት፣ ልብስ ካልተሰጣበት፣ ቡናም በምንጣፍ ላይ ካልደረቀበት ቦታ ይሁን። ኤን 95 ጭንብል ፊት ላይ በደንብ ገጥሞ ይታሰር፤ የጨርቅ ጭንብል አይበቃም። የዓይን መከላከያ መነጽር፣ የላስቲክ ጓንትና እጀ ረጅም ልብስም ያስፈልጋሉ። መቁረጫውን መስመር ውሃ እያንጠባጠቡ ማርጠብ ብናኙን ጭቃ አድርጎ ያስቀረዋል፤ በኤሌክትሪክ መቁረጫ መጠቀም ግን ብናኙን በአየር ይበትነዋልና አይመከርም።

የሚቆረጠውን ቦታ ሁለት ዙር በፕላስተር ጠቅልለው መስመሩን በላዩ ያስምሩ። መጋዙን ሳይጫኑ፣ ረጅምና ቀስ ባለ ምት ይሳቡት። ሁለት ሦስተኛው ሲቆረጥ ያቁሙና ዘንጉን አዙረው ከተቃራኒው ወገን ይጨርሱ። እኔ የመጀመሪያውን ዘንግ ሳላዞር ስለጨረስሁት፣ የሚወድቀው ቁራጭ በክብደቱ የመጨረሻዎቹን ክሮች ይዞ ወርዶ የጣት ጥፍር የሚያህል ስንጥር ከጫፉ ገንጥሎብኛል። በሌላ እጅ ቁራጩን ደግፎ መያዝ ይህን ያስቀራል።

ጫፉን በረጠበ 400 ቁጥር የአሸዋ ወረቀት፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ብቻ እየገፉ ያለስልሱ። ከደረቀ በኋላ ቀጭን ሱፐር ግሉ ቢቀባ ክሮቹን ያሽጋል። ጭቃውን በረጠበ ጨርቅ ሰብስበው በፌስታል አስረው ይጣሉ፤ ጨርቁን ወደ ጅማው አዌቱ ወንዝ በሚወርድ ቦይ አይጠቡት፣ ደረቅ መጥረጊያም አይጠቀሙ።

ብዙዎች የሚረሱት ነገር ቢኖር በዘንጉ ላይ የታተመው ዝቅተኛ የመግቢያ ምልክት (ዘንጉ ቢያንስ እስከዚያ ድረስ ወደ ብስክሌቱ ቱቦ መግባት እንዳለበት የሚያሳየው መስመር) የተለካው ከአሮጌው ጫፍ መሆኑን ነው። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት ከጫፉ እስከ ምልክቱ ያለውን ርቀት ይለኩና፣ ከቆረጡ በኋላ ያንኑ ርቀት ከአዲሱ ጫፍ ጀምረው በማይለቅ ቀለም ያስምሩ። አምራቹ መቁረጥን ከከለከለ ግን መጋዙን አያንሡ።