ከእንጨት ሥራ ለተቀነሱ የጎንደር ሠራተኞች፦ ከስንብት ክፍያ እስከ መሥሪያ ሼድ

ከውጭ አገር ተበትኖ በኮንቴይነር የሚገባው ቁም ሳጥን፣ አልጋና ሶፋ ገበያውን ሲይዝ መጀመሪያ ሥራ የሚያጣው መላጊያው ላይ የቆመው ሠራተኛ ነው። ይህ ጽሑፍ ጎንደር ውስጥ ከእንጨትና ከቤት ዕቃ ድርጅት ለተቀነሰ ሠራተኛ የተጻፈ ነው፤ ምን እንደሚገባው፣ የትኛው መስኮት ላይ በምን ወረቀት እንደሚቀርብና ነገሩ የት ላይ እንደሚበላሽ ያሳያል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ፦ በአገራችን ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፈል የሥራ አጥነት መድን የለም። ውጭ ያለ ዘመድ «እዚህ እኮ መንግሥት ይከፍላል» ቢል እውነቱን ነው። አሜሪካ ለምሳሌ በውጭ ምርት ምክንያት ሥራ ያጡትን፣ የሰሜን ካሮላይናና የቨርጂኒያ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ሠራተኞችን ጨምሮ፣ የምታሠለጥንበትና የምትደጉምበት ፕሮግራም ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነበራት፤ እሱም ቢሆን ከሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ ማመልከቻ አይቀበልም። እኛ ጋ ያለው ድጋፍ በየቢሮው የተበተነ ስለሆነ ቅደም ተከተሉን ማወቅ ግድ ነው። ከአሠሪ የሚገባችሁን ገንዘብ አስቀድሙ፤ የይርጋ ጊዜው (በሕግ መጠየቅ የሚቻልበት ጊዜ) አጭር ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው በመጨረሻው ቀን ነው። አሠሪው «በራሴ ፈቃድ ለቅቄአለሁ» የሚል ወረቀት ያቀርባል፤ ሠራተኛውም የወሩን ደመወዝ ለመውሰድ ሲል ይፈርማል። በፈቃዱ የለቀቀና በቅነሳ የወጣ ሠራተኛ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም፤ በተለይ አገልግሎቱ 5 ዓመት ያልሞላ ሰው በፈቃዱ ለቀቀ ከተባለ የስንብት ክፍያው ይቀርበታል። ስለዚህ የስንብት ደብዳቤው ላይ የተሰናበታችሁበት ምክንያት በግልጽ ይጻፍ፦ የሥራ መቀነስ፣ የሠራተኛ ቅነሳ ወይም የድርጅቱ መዘጋት። «ከእንግዲህ የምጠይቀው ነገር የለም» የሚል ሐረግ ካለበትም ሒሳቡን ሳትቆጥሩና ሳትረከቡ ፊርማችሁን አታሳርፉ።

«የጽሑፍ ውል ስለሌለኝ መብት የለኝም» ማለትም ትክክል አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በቃል የተደረገ የሥራ ውልም ውል ነው። በቁርጥ፣ ማለትም በሠራው ዕቃ ልክ፣ የሚከፈለውም ቢሆን በአሠሪው ቤት፣ በአሠሪው ማሽንና በአሠሪው ትእዛዝ እስከሠራ ድረስ ሠራተኛ ነው። ማስረጃውን ግን እናንተ ሰብስቡ። ደመወዝ የገባበት የባንክ ወይም የቴሌብር መልእክት፣ ሥራ ላይ መገኘታችሁን የፈረማችሁበት ገጽ ፎቶ፣ አብረዋችሁ የሠሩ ሁለት ምስክሮች ይረዳሉ። ስንት ዓመት፣ በምን ሥራና በስንት ደመወዝ እንደሠራችሁ የሚገልጽ የሥራ ልምድ ወረቀት መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። ይህ ወረቀት ኋላ ለብቃት ምዘናም፣ ከሌሎች ጋር በማኅበር ለመደራጀትም ስለሚጠየቅ ሳትይዙት አትውጡ።

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል

የስንብት ክፍያ መነሻው በመጨረሻው ሳምንት ያገኛችሁት አማካይ የቀን ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት 30 እጥፍ ይታሰባል፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። ድርጅቱ ለዘለቄታው ከተዘጋ ወይም ውሉ በሠራተኛ ቅነሳ ከተቋረጠ ደግሞ በዚህ ላይ የቀን ደመወዙ 60 እጥፍ ይጨመራል። ቅነሳ የሚባለው ከሠራተኛው ቢያንስ 10 በመቶ ሲወጣ ነው፤ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ደግሞ ቢያንስ 5 ሰው መሆን አለበት።

በቀን 300 ብር እያገኘ 7 ዓመት የሠራ አናጢ በቅነሳ ወጣ እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት 9,000 ብር፣ ለቀሪዎቹ 6 ዓመታት 3,000 በ6 ሲባዛ 18,000 ብር፣ በቅነሳ ምክንያት የሚጨመረው 300 በ60 ሲባዛ 18,000 ብር፤ ድምሩ 45,000 ብር ነው። በቅነሳ ሲሆን የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባ ነበር፤ ካልተሰጠው የዚያን ጊዜ ደመወዝም ይጠይቃል። ያልወሰደው የዓመት ዕረፍት እንዲሁ በገንዘብ ይለወጣል፤ ዕረፍቱ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ በየ2 ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል።

በቁርጥ የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። ስሌቱ በመጨረሻው ሳምንት ላይ ስለሚመሠረት፣ ትእዛዝ የቀዘቀዘበት ሳምንት ከሆነ መላው ክፍያ አብሮ ይወርዳል። ቅነሳ መምጣቱ ከተሰማ ከዚያች ቀን ጀምራችሁ በየቀኑ የሠራችሁትን በደብተር ጻፉ፤ ቢቻል አሠሪው ወይም ፎርማኑ ይፈርምበት።

ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። ጡረታ ሲቆረጥባችሁ ከነበረ ከእናንተ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ በትክክል ገቢ መሆኑን በግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር በኩል አረጋግጡ። ነገ ሌላ ድርጅት ብትቀጠሩ የቀድሞው ዘመን ይደመርላችኋልና የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን አትጣሉ።

አልከፍልም ካለ

መጀመሪያ ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ክፍል አመልክቱ፤ ብዙ ጉዳይ እዚያው በማስማማት ያልቃል። ካልሆነ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው፤ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ የለም። ክስ መጻፍ ለከበደው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ አለው።

ማስማማቱ ግን ጊዜ አይብላባችሁ። «ከሕግ ውጭ ስለተሰናበትኩ ወደ ሥራ ልመለስ» የሚል ጥያቄ በ3 ወር፣ የስንብትና ሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል። «ከበዓል በኋላ ና»፣ «ዕቃው ሲሸጥ እከፍልሃለሁ» እየተባለ ስድስት ወር ያልፋል፤ ቀኑን ከስንብት ደብዳቤው ላይ ቁጠሩ። ድርጅቱ ከስሮ ንብረቱ የሚሸጥ ከሆነም አትዘናጉ፤ የሠራተኛ ክፍያ ከሌላ ዕዳ ይቀድማል።

ቀበሌና ክፍለ ከተማ

አራዳም ሆነ ማራኪ፣ ፋሲልም ሆነ አዘዞ፣ የምትመዘገቡት በምትኖሩበት ቀበሌ እንጂ በሠራችሁበት አይደለም። መታወቂያ፣ የስንብት ደብዳቤ፣ የሥራ ልምድ ወረቀትና ፎቶ ይዛችሁ በሥራ ፈላጊነት ተመዝገቡ። ያለዚህ ምዝገባ የሥልጠናውም፣ የሼዱም፣ የብድሩም በር አይከፈትም። አሠሪው ይከፍለው የነበረ ሕክምና ከቀረባችሁ እዚያው ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ጠይቁ፤ የምዝገባ ወቅት ስላለው ቀኑ አይለፋችሁ።

በልምድ ብቻ የተማረ ባለሙያ የብቃት ምዘና ወስዶ ሰርተፊኬት ማግኘት ይችላል። ነባር አናጢዎች የሚወድቁት በእጅ ሥራው አይደለም። ንድፉ በሚሊ ሜትር ተጽፎ እያለ በሴንቲ ሜትር ያነቡታል፤ መነጽርና ጓንት ሳያደርጉ ማሽን ይነካሉ። ከምዘናው በፊት ጎንደር ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አጫጭር ሥልጠና መኖሩን ጠይቁና ንድፍ ማንበብ ላይ አተኩሩ።

ብድር፣ ማሽንና ሼድ

የማሽን ሊዝ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ አብዛኛውን ጊዜ 20 በመቶውን እናንተ ትቆጥባላችሁ፤ እንደ ዋልያ ካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ያለው ድርጅት ማሽኑን ገዝቶ ያቀርባል፤ ዕዳው እስኪያልቅ የማሽኑ ባለቤት እሱ ነው። ለሥራ ማስኬጃ ደግሞ የቀድሞው አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም)፣ የአሁኑ ጸደይ ባንክ አለ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አስቡ። ሊዝ ማሽን ይገዛል እንጂ ዋንዛም ኤምዲኤፍም (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) አይገዛም፤ ማሽን ወስዶ ለእንጨት መግዣ ያጣ ማኅበር ገና ሳይሠራ ዕዳ መክፈል ይጀምራል። ማስኬጃችሁን ስትገምቱ የአንድ ሙሉ ትእዛዝ ጥሬ ዕቃ፣ የኪራይና የመብራት፣ እንዲሁም ገዢው እስኪከፍል የምትኖሩበትን ጨምሩ። የምንዛሬ ለውጥ ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከውጭ የሚገባ ሰሌዳ ዋጋ ስለሚዋዥቅ የቆየ ፕሮፎርማ ይዛችሁ አትቅረቡ።

ሼድ ከመረከባችሁ በፊት ቆጣሪውን እዩ። መላጊያና ትልቅ መጋዝ ስሪ ፌዝ (ለከባድ ማሽን የሚሆን የመብራት መስመር) ይፈልጋሉ፤ መስመሩ እንደ መኖሪያ ቤት ሲንግል ፌዝ ከሆነ ለውጡ ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ የብድሩ መክፈያ ግን አይጠብቃችሁም። ከማን ጋር እንደምትደራጁም አስቡበት። ስሙን ብቻ ያስገባ አባል ብድሩ ላይ እኩል ይፈርማል፣ ሥራው ላይ ግን የለም፤ ማኅበራት በብዛት የሚፈርሱት በዚህ ነው። ሦስት ሙያተኛ ከአሥር ስም ይሻላል።

ምን ሠርታችሁ ትሸጣላችሁ

ከውጭ የገባውን ቁም ሳጥን በዋጋ አሸንፋለሁ ብሎ መነሣት አያዋጣም። ሁለት ሥራ ግን ለእናንተ ክፍት ነው። አንዱ የትምህርት ቤት ዴስክና የቢሮ ዕቃ ነው፦ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጀ ማኅበር ጨረታ ሲገባ ያደራጀው መሥሪያ ቤት የሚጽፍለትን የዋስትና ደብዳቤ ማቅረብ የሚችልበት አሠራር አለ፤ የጨረታ ሰነዱ ይህን መቀበሉን አረጋግጡ።

ሁለተኛው ያ ከውጭ የመጣው ዕቃ ራሱ ነው። ወለል ሲታጠብ ውሃው በችፑዱ (ከእንጨት ፍርፋሪ በተጫነው ሰሌዳ) ጠርዝ ገብቶ የሳጥኑን እግር ያሳብጠዋል፤ የበሩ ማጠፊያ ቡሎንም የፈረፈረው ሰሌዳ ውስጥ ይላላል። ያበጠውን የታች ክፍል ቆርጣችሁ አውጡና ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባለው በደረቀ ዋንዛ መቀመጫ ተኩት። የላላውን ቀዳዳ በ8 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ አስፉት፣ ኮላ የተቀባ የእንጨት ካስማ አስገቡበት፣ አንድ ቀን አድርቃችሁ ቡሎኑን በአዲስ መልክ እሰሩ። ለዚህ ሥራ መሰርሰሪያ፣ የእጅ መጋዝና ማጣበቂያ ከበቃችሁ ትልቁን ማሽን በብድር ለመውሰድ አትቸኩሉ፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት በስንብት ክፍያችሁ ጀምሩና ደንበኛ ሲበረክት ወደ ሊዙ ሂዱ።