ጋቢና ውስጥ ትኩስ ምግብ እንዴት ይበስላል?

መንገድ ላይ ለማብሰል የተነሳ ሹፌር ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚገዛው ማብሰያውን ነው። መኪናው ያን ማብሰያ ይችለው እንደሆነ የሚጠይቀው ፊውዝ ከተቃጠለ በኋላ ነው። እኔ የምመክረው ከባትሪው መጀመርን ነው። ኃይሉ ከታወቀ የዕቃው ዓይነት፣ የምግቡ ዓይነትና የሚፈጀው ሰዓት አብሮ ይታወቃል።

1. ቮልቱን ለዩ

ከሰሜን አሜሪካ ውጭ አብዛኛው ከባድ መኪና የሚሠራው በ24 ቮልት ነው። ለመኪና ተብሎ የሚሸጠው ማብሰያ ግን በብዛት ለ12 ቮልት የተሠራ ነው። የ12 ቮልት ማሞቂያ 24 ላይ ሲሰካ ቮልቱም አምፔሩም እጥፍ ስለሚሆን የሚስበው ኃይል አራት እጥፍ ይደርሳል። ፊውዙ ቀድሞ ካልተበጠሰ ዕቃው ይቃጠላል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያታልል አቋራጭ አለ። የ24 ቮልት መኪና ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው ስላሉት “ከአንዱ ብቻ መስመር እንሳብ” ይባላል። ማብሰያው በእርግጥ ይሠራል፤ ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ ነው። ዲናሞው ሁለቱን ባትሪዎች እንደ አንድ ነው የሚሞላቸው። የሚሳብበት ባትሪ ሁልጊዜ እየጎደለ ይሄዳል፤ ያልተነካው ደግሞ ከሚገባው በላይ እየተሞላ ውሃው ይደርቃል። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ይበላሻሉ፣ አንድ ቀን ጠዋት ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አይዞርም። መስመሩን የሚስበው ሠራተኛ “ምንም አይሆንም” ቢላችሁም እሺ አትበሉ። ወይ ከሁለቱም ባትሪዎች ወስዶ 24ን ወደ 12 የሚቀንስ መቀየሪያ አስገጥሙ፣ ወይ ከመጀመሪያው ባለ 24 ቮልት ማብሰያ ግዙ። ሁለተኛው ይሻላል፤ በመሀል የሚበላሽ ዕቃ ይቀንሳል።

2. ፊውዙን አንብቡ

የሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ፊውዝ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 15 አምፔር ነው፤ ቁጥሩ ራሱ ፊውዙ ላይ ተጽፏል። በ24 ቮልት 10 አምፔር ማለት 240 ዋት ነው። 20 ዲግሪ የሆነ አንድ ሊትር ውሃ ለማፍላት ወደ 93 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ አንዳች ሙቀት ባይባክን እንኳ 23 ደቂቃ ይፈጃል። ከዕቃው የሚወጣው ሙቀት ሲታሰብ ከግማሽ ሰዓት በላይ ጠብቁ። በ12 ቮልት መኪና ጊዜው እጥፍ ነው።

ሥራውን ለማፋጠን ትልቅ ፊውዝ መክተት አደገኛ ነው። ፊውዙ የሚጠብቀው ከክሩስኮቱ ጀርባ ያለውን ቀጭን ሽቦ ነው። ፊውዙ ካልተበጠሰ የሚቃጠለው ሽቦው ነው፣ ከሽቦው ቀጥሎ ጋቢናው።

ማይክሮዌቭ ወይም የቤት ማንቆርቆሪያ የሚፈልግ ሰው ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ ያስፈልገዋል። 1000 ዋት ከ24 ቮልት ከ40 አምፔር በላይ ይስባል፣ ከ12 ቮልት ደግሞ ከ80 በላይ። ይህ በሶኬት የሚሆን ነገር አይደለም። ወፍራም ኬብል በቀጥታ ከባትሪ መምጣት አለበት፣ ፊውዙም ባትሪው አጠገብ ይገጠማል። ለአንድ ሰው ምሳ ይህ ሁሉ አይገባም ባይ ነኝ።

3. ሁለት ዕቃ ግዙ

ክዳኑ የሚቆለፍ የኤሌክትሪክ ምሳ ዕቃና አፈ ሰፊ ፔርሙስ። ሌላው ትርፍ ነው።

4. እየነዳችሁ አብስሉ

ሞተር ሲሠራ ኃይሉን የሚሰጠው ዲናሞው ነው፤ ባትሪው አይጎዳም። ቀስ ብሎ የሚያበስል ዕቃ ደግሞ ከመንገድ ጋር ይስማማል። ከመነሳታችሁ በፊት አዘጋጅታችሁ ቆልፉት፣ ከሹፌሩ ተቃራኒ በኩል ወለሉ ላይ በቀበቶ እሰሩት፣ ሰኩት፣ ሂዱ። አሳሳሩ ላይ አትቸኩሉ፤ ድንገተኛ ፍሬን ሲያዝ የሚንከባለል ዕቃ ፔዳል ሥር መግባት ይችላል፣ የፈላ መረቅም ሰው ያቃጥላል። መኪናው ሳይቆም ክዳን አይከፈትም።

ቤት የተሠራ ምግብ ለማሞቅ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት በቂ ነው። እስኪሰካ ድረስ ከ5 ዲግሪ በታች በበረዶ ሳጥን ይቆይ፤ ሲበላ ደግሞ መሀሉ ድረስ 75 ዲግሪ የደረሰ ይሁን። ለብ ያለ ምግብ ለባክቴሪያ የተመቸ ነው። በተለይ ሩዝ ካልተጠነቀቁለት ሆድ ያውካል።

ቀይ ቦሎቄ በእነዚህ ዕቃዎች ከጥሬው አይበስልም። በተፈጥሮው የያዘው መርዝ የሚጠፋው ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሲንተከተክ ነው። በዝቅተኛ ሙቀት ብቻ የተቀቀለ ቦሎቄ እንዲያውም ከጥሬው ሊብስ ይችላል። ቤት ቀቅላችሁት ውጡ።

5. ፔርሙሱ

መጀመሪያ የፈላ ውሃ ሞልታችሁ ለአምስት ደቂቃ ዝጉትና ድፉት፤ ይህን የዘለለ ሰው ምስሩ አይበስልለትም። ከዚያ አንድ እጅ የምስር ክክ፣ አራት እጅ የፈላ ውሃ ጨምራችሁ ከድኑ። ከሁለት ሰዓት በኋላ እዩት። ከባሕር ጠለል በየ300 ሜትሩ ከፍታ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ ደጋ ላይ ጊዜ ጨምሩ። ምግቡ ከ60 ዲግሪ ሳይወርድ ይበላ።

6. እሳት ከጋቢና ውጭ

ከሰል፣ ጋዝና ቡታጋዝ ጋቢና ውስጥ አይለኮሱም፣ መስኮት ቢከፈትም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ፍሙ የጠፋ የሚመስል ከሰል ሳይቀር ያወጣዋል፣ የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ይሞታል። ውጭ በቡታጋዝ ስታበስሉ ነፋስ መከለያው የጋዙን ጣሳ እንዳይከብበው፤ የታፈነ ሙቀት ጣሳውን ሊያፈነዳው ይችላል። ነዳጅ ለጫነ መኪና እሳት በአካባቢውም ቢሆን አይታሰብም።

7. ሞተር ከጠፋ በኋላ

ማብሰል ግድ ከሆነ የቮልት ማሳያ ይኑራችሁ። ዕቃው ጠፍቶ ባትሪው ትንሽ ካረፈ በኋላ 24.4 ቮልት ማለት ግማሹ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው፤ 12 ቮልት ላይ 12.2። ከዚያ አትውረዱ። አንዳንድ መኪና ላይ ቁልፉ ወጥቶም ሶኬቱ ኃይል ይሰጣል፣ ስለዚህ ምግቡን ከማውጣታችሁ በፊት ገመዱን ንቀሉ።